እህቴ፣ ትንሿ መቅጃና ሰማያዊው ቀለም

እህቴ በሚመጣው ወር ጡረታ ትወጣለች። አብረዋት የሠሩ ሰዎች ስለ እሷ አንዳንድ ገጽ ይጻፉ ተባለና ወረቀቱ እኔም ዘንድ ደረሰ። እኔ ብልቃጥ አጣቢ ነኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከሦስተኛ ክፍል ነው። ለአለቃችን «እኔ ይቅርብኝ» አልኳት። «ወንድሟ ካልጻፈ ማን ሊጽፍ ነው?» አለችኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ። ከአንድ ገጽ ካለፈ ይቅርታ።

የምንሠራው ሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከሰው ገላ በቀዶ ሕክምና የወጣ ሥጋ በብልቃጥ ሆኖ ወደ እኛ ይወርዳል። ዶክተሩ ያየዋል፣ ይለካዋል፣ ይቆራርጠዋል። በኋላ በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታ አለበት ወይም የለበትም ይላል። ሲቆርጥ ሁለቱም እጆቹ ጓንት ውስጥ ናቸው፣ ጓንቱም እርጥብ ነው። ስለዚህ አይጽፍም፣ ይናገራል። ከጣሪያ የተንጠለጠለ ማይክ አለ፤ ድምፁ በእሱ በኩል ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። እህቴ ከግድግዳው ማዶ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ በእግሯ ፔዳል እየረገጠች የሰማችውን ትጽፋለች። ፔዳሉን ስትለቀው ድምፁ ይቆማል፣ ስትረግጠው ይቀጥላል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ አድርጋለች። ግራ ጫማዋ ሁልጊዜ ደህና ነው፤ የሚያልቀው የቀኙ ነው።

ስሟን የሚጠራ ሰው የለም። ጆሮ ነው የሚሏት። እኔን ደግሞ ዝምታው ይሉኛል። «ጆሮና ዝምታው የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አፉ ለማን ደረሰ?» እያሉ ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ምን አደርጋለሁ።

እኔ እትዬ ነው የምላት። በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ልብሴን ያጠበችው እሷ ናት፣ እዚህ ሥራ ያስገባችኝም እሷ ናት።

ዶክተሮች ሲናገሩ «ነጥብ» ይላሉ፣ «አዲስ መስመር» ይላሉ። ጸሐፊዋ እንዳትሳሳት ነው። እትዬ ይሄንን ቤት ይዛው ትገባለች። ባሏ ሹፌር ነው፣ ወሬ ይወዳል። ነገር ሲያበዛባት ቀና ብላ «አዲስ መስመር» ትለዋለች። «ይቺ ሴት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳታስጨርሰኝ ልታስረጀኝ ነው» ይላል። እሷ አትስቅም። ግን አንድ ነጥብ ታክል ከንፈሯ ጥግ ላይ ሳቅ አያለሁ።

አሁን ስለ ፍርሃቷ ልጻፍ። እትዬ ጨለማ አትፈራም፣ አለቃ አትፈራም። የምትፈራው ድምፅ መጥፋቱን ነው።

ገና ሥራ እንደጀመረች በካሴት ነበር የሚቀዳው። አንድ ቀን ማሽኑ ካሴቱን በላው። ክሩን ጎትታ አወጣችው፣ በእርሳስ አጠነጠነችው፣ የተበጠሰውን በማጣበቂያ ቀጠለችው። ቀጥላ ስትሰማው ከመጋጠሚያው ላይ አንድ ቃል ጠፍቷል። አንዲት ቃል ናት። ግን የሰውየው ነገር ሁሉ እዚያች ቃል ላይ ነበር። ሄዳ ዶክተሩን ጠየቀችው። የዚያን ጊዜው ዶክተር ሌላ ነበር። «እኔ በቀን ሠላሳ እቆርጣለሁ፣ እንዴት ብዬ ላስታውስ?» አላት። ያ ሰውዬ ምን እንደሆነ ነግራኝ አታውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ የራሷ ሕግ አላት። ዶክተሩ የብልቃጡን ቁጥር ሲጀምርም ሲጨርስም ይጠራል፤ መሀሉ ቢቆረጥ እንኳ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ያልሰማችውን ቃል ገምታ አትሞላም፤ ስድስት ነጥብ ታስቀምጥና ትጠይቃለች። «ከውሸት ቃል ባዶ ቦታ ይሻላል» ትላለች። ኮምፒውተሩ ከመጣ በኋላ ደግሞ ከራሷ ቤት አንዲት ትንሽ መቅጃ አምጥታ ከዶክተሩ ጠረጴዛ ጎን በገመድ አንጠለጠለቻት። በባትሪ ድንጋይ ነው የምትሠራው፣ መብራት ቢሄድ አይሞቃትም አይበርዳትም። ማታ የትንሿን ሚሞሪ አውጥታ ሌላ ሕንፃ ያለው መዝገብ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ታኖረዋለች። «ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም» ትላለች።

ትንሿን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ድንጋይ እቀይራለሁ፣ ቀዩን ቁልፍ እጫናለሁ፣ መብራቷ ሲበራ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳለሁ። ሁለት ማለት በርታለች ማለት ነው። እትዬም ከማዶ ሁለት ጊዜ ትመልስልኛለች። እንደምን አደርክ እንደምን አደርሽ የምንባባለው በዚያ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያችን በዚህ ይስቅ ነበር። እሱን «ይሠራል» ነው የምንለው፤ ምንም ነገር ብትጠይቀው መልሱ «ይሠራል» ነው።

«እትዬ ጆሮ፣ ይቺን ነገር ለሙዚየም እንስጣት እንጂ። ሲስተሙ ራሱ እኮ ቅጂ ያስቀምጣል» አላት አንድ ቀን።

«መቼ ነው የሚያስቀምጠው?»

«ማታ፣ ሥራ ሲያበቃ።»

«ከጠዋት እስከ ማታስ?»

«ከጠዋት እስከ ማታማ...» ራሱን አከከ። «ይሠራል።»

«እስኪመሽ ድረስ በማን እጅ ነው ያለው ነው የምልህ።»

«በእግዜር እጅ።»

«እንግዲያው አንተም የእግዜርን ሥራ ጠብቅ፣ እኔም ባትሪ ድንጋዬን ልጠብቅ።»

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት አንድ ማክሰኞ ነው።

ጠዋት አሥራ አንደኛው ብልቃጥ ላይ ነበርን። እኔ እንደ ወትሮው ከዶክተሩ ኋላ ቆሜ ቢላና ብሩሽ አጥባለሁ። ስልኩ ጠራ። በክርኑ ነካውና ድምፁ ክፍሉን ሞላው። የቤት ጉዳይ ነበር። ምን እንደተባለ አልጽፍም። ዶክተሩ ትልቅ ሰው ነው፣ እኔ እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ወለሉ ላይ የማይኩ ማቋረጫ አለ፣ ስልክ ሲመጣ በእግሩ ይረግጠዋል። ያን ቀንም ረገጠው። ትንሿ ግን በርታ ነበር። እትዬ ባትሰማው አብራት የምትሠራው ሌላዋ ጸሐፊ ትሰማዋለች ብዬ አሰብኩ። ነውር መሰለኝ። እጄን ሰደድኩና አጠፋኋት።

ስልኩን ጨረሰ። ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ማይኩን ረግጦ ከፈተና ሥራውን ቀጠለ፣ ስለ ስልኩ አንድም ቃል ሳያነሳ።

ትንሿን ማብራት ነበረብኝ። እሷ ስትጠፋም ስትበራም ጧ ትላለች፤ ስትጠፋ የስልኩ ድምፅ ሸፍኗት ነበር። ያን ቢሰማ ማጥፋቴን ያውቃል፣ ማጥፋቴን ካወቀ ደግሞ መስማቴን ያውቃል። እጄን አንድ ጊዜ ዘረጋሁ። መለስኩት። ማይኩ አለ፣ አንዱ ይበቃል አልኩ። ወጣ ሲል አበራታለሁ አልኩ። የወጣው አሥራ ሦስተኛውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ያኔ አበራኋት። ግድግዳውን ግን አላንኳኳሁም። ስለምን ታንኳኳለህ ብትለኝ ምን እላታለሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። መጣ። በሦስተኛው ከኮምፒውተሩ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ወጣ። ባለሙያው እየሮጠ መጣ፣ ሆዱን ከፈተው፣ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። የጠዋቱ ድምፅ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር።

«እሺ?» አለችው እትዬ።

«አይሠራም» አለ።

ሰው ሳቀ። ያንን ቃል ከአፉ የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ አልተደናገጠችም። መጥታ ትንሿን ከገመዷ ፈታቻት። «ዛሬ ሙዚየሙ ይከፈታል» ብላ ገባች። ሁሉም አጨበጨበላት። እኔ ብሩሽ ይዤ ቆሜ ነበር።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ግድግዳው ተንኳኳ። አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ተነጋግረን አናውቅም። ሄድኩ።

«አሥራ አንድ መሀል ላይ ስልክ ይጠራል። ከዚያ ጧ። ቀጥሎ የምሰማው አሥራ አራትን ነው» አለች። ማዳመጫውን ከጆሮዋ አላወረደችም። «ድንጋዩ አልቆ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«እኔ ነኝ ያጠፋኋት።»

ለምን አላለችም። ስልኩን ሰምታዋለች። ፔዳሉን ለቀቀች። «ለእሱ ንገረው» አለችኝ።

ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ሌሎችም ነበሩ። «ትንሿን አጥፍቻት ነበር፤ ማብራቱን ረሳሁት» አልኩ። ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ተወው። ሌሎቹ እስኪወጡ ጠበቀ።

«ስልኩ ሲጠራ ነው?»

መሬት መሬት አየሁ። መነጽሩን አወለቀና በጋውኑ ጠረገው፣ ሳይቆሽሽ። ሌላ አልጠየቀኝም።

አሥራ አንደኛውና አሥራ ሦስተኛው እንደገና ተለኩ፣ ችግር አልነበረም። አሥራ ሁለተኛው ግን ተቆራርጦ አልቋል። እሱ የአንዲት ልብስ ሰፊ ነው። ከቀኝ እጇ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር የወጣ እባጭ።

እዚህ ላይ ቀለሙን ማስረዳት አለብኝ። ሥጋ ከገላ ከወጣ በኋላ የትኛው ጎኑ በየት በኩል እንደነበር አይታወቅም። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ክር ይሰፋበታል፤ አጭሩ ክር በአውራ ጣት በኩል፣ ረጅሙ ክር በእጅ አንጓ በኩል። ዶክተሩ ክሩን አይቶ ጎኖቹን ቀለም ይቀባና ክሩን ፈትቶ ይጥለዋል። ቀለሙ በማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል። በደህና ጊዜ እያንዳንዱ ጎን የታወቀ ቀለም አለው። ያን ሰሞን ግን ቀለም አልቆብን ሰማያዊና አረንጓዴ ብቻ ቀርተው ነበር። ዶክተሩ እጁ የገባለትን ይቀባል፤ የትኛውን የት እንደቀባ ደግሞ በአፉ ይናገራል። የሚታወቀው በዚያ ብቻ ነበር።

ሐሙስ በማይክሮስኮፕ ታየ። በሽታው ሰማያዊው ጎን ድረስ ደርሷል። አረንጓዴው ጎን ንጹህ ነው። ስለዚህ እንደገና መቆረጥ አለበት፣ በሰማያዊው በኩል። ሰማያዊው ግን በየት በኩል ነበር?

ቀዶ ሐኪሙ ራሱ ወረደ። ችኩል ሰው ነው፣ ቆሞ ነው የሚያወራው።

«በአንጓው በኩል ከሆነ ቆዳ ብቻ አነሳለሁ፣ በሳምንት ይድናል። በአውራ ጣት በኩል ከሆነ ጣቱን የሚያንቀሳቅሰውን ጅማት መውሰድ አለብኝ። ካላወቅሁ ሁለቱንም ነው የምወስደው። ሴትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። እስቲ አስታውሱ።»

ዶክተሩ ራሱን ነቀነቀ። «የዚያን ቀን ምንም አላስታውስም» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በዚያ ክፍል የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን።

አስታውስ ነበር። ማለት፣ መስሎኝ ነበር። ረጅም ክር ጓንቱ ላይ ተጣብቆ፣ ጫፉ ሰማያዊ ነክቶት አይቻለሁ። ረጅም ክር ማለት አንጓ ነው። ያ ከሆነ የሴትየዋ ጣት ተረፈ። አፌን ልከፍት ስል ዘጠነኛውም ብልቃጥ ክር እንደነበረው ትዝ አለኝ። ያ ክር የዘጠኝ ይሁን የአሥራ ሁለት? በዋዜማው ከሰዓት ወደ ቆሻሻ ማቃጠያው ሄጄ ነበር፣ ክሩን ልፈልግ። የዚያኑ ዕለት ጠዋት ተቃጥሎ ቆየኝ።

«ላስብ» አልኩ።

እትዬ እጄን ይዛ ወደ እሷ ክፍል አስገባችኝ። በሩን ዘጋች።

«በየት በኩል ነበር?»

«በአንጓ በኩል።»

«ሰምተሃል ወይስ መስሎሃል?»

«መስሎኛል። ግን እትዬ፣ ቢሆንስ? ልክ ብሆንስ?»

«ባይሆንስ?»

ተቀመጠች። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባው ጎን ብላ ጻፈች፣ ከዚያ የነጥቧን ቁልፍ በጣቷ ስድስት ጊዜ መታቻት። ስድስቱንም ቆጠርኩ።

ልብስ ሰፊዋ ዓርብ መጣች፣ የውጤት መቀበያው መስኮት ጋ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሌላ ሰው ስላልነበረ ወረቀቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

«ሐኪምህ ሰፍቶኛል» አለችኝ። «ስፌቱ ግን ሰፋ ሰፋ ይላል። እኔ ጋ ቢማር ኖሮ ተለማማጅ አድርጌ ሦስት ወር አዝራር ብቻ ነበር የማስተክለው።»

አልሳቅሁም። ወረቀቱን ገለጠችው።

«ይሄ ነጠብጣብ ምንድን ነው? ሐኪሙ ጎኑ አልታወቀም አለኝ። እንዴት ነው የማይታወቀው?»

«ተቀድቶ ነበር። ማሽኑ ተበላሸ። ሌላ ትንሽ መቅጃ ነበረች። እሷን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»

ብዙ አየችኝ። «ሆን ብለህ ነው?»

«አይደለም» አልኩ። ከዚያ፣ «አዎ። ሆን ብዬ ነው። ግን ለዚህ ብዬ አልነበረም።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ የማውቀው ነገር ነው። እሷ ግን ሌላ ጠየቀችኝ።

«እዚያ ነበርክ አይደል? ምን ትዝ ይልሃል?»

«መስሎኛል እንጂ አላውቅም።»

«ምን መሰለህ?»

ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አንዲት ቃል። ብናገራት ለሐኪሙ ትነግረዋለች፣ ወይ ጣቷን ይዛ ትሄዳለች ወይ በሽታውን ይዛ ትሄዳለች።

«ተይው እህቴ» አልኳት። «መስሎኝ ነው።»

በደህና እጇ ፋሻውን ዳሰሰችው። «እኔ ጨርቅ መስሎኝ ቆርጬ አላውቅም» አለች። «ለክቼ ነው። ካልለካሁ ትርፍ አስቀርቼ ነው የምቆርጠው። ትርፍ ያለው ይጠባል፣ ያጠረ ግን አይረዝምም።» ተነሳች። «ሁለቱንም ይውሰድ በለው። ወይ እኔው እነግረዋለሁ፣ አንተ መናገር አትወድም መሰለኝ።»

ሄደች። እኔ የብልቃጦቹን ክዳን አጠብኩ።

በሳምንቱ ሁለት ብልቃጥ ወረደ፣ የእሷ ስም ያለባቸው። አንዱ የአውራ ጣት በኩል፣ አንዱ የአንጓ በኩል። ትንሿ በርታ ነበር። ግድግዳውን ሁለት ጊዜ አንኳኳሁ። ዶክተሩ ያን ቀን ቃል በቃል ቀስ እያለ ተናገረ።

ውጤቱን እትዬ ጠርታ አነበበችልኝ። አውራ ጣት በኩል፣ በሽታ የለም። አንጓ በኩል፣ በሽታ የለም።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም። የቀረ ካለ ብለው ነው የቆረጡት፤ የቀረ አልነበረም። መጀመሪያውኑ ወጥቶ አልቋል።»

«ታዲያ ሰማያዊው የትኛው ነበር?»

«አይታወቅም።»

«መቼም?»

«መቼም» አለች። ወረቀቱን አጠፈችና፣ «አዲስ መስመር» አለች።

እዚህ ላይ ደስ አለኝ ወይም አዘንኩ ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ግን ምንም አልተሰማኝም። እስካሁንም ያ ቦታ ልክ ማደንዘዣ እንደወሰደ ጥርስ ነው፤ በምላሴ እነካዋለሁ፣ እዚያው አለ፣ አያመኝም።

ልብስ ሰፊዋን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ለክትትል ስትመጣ። አውራ ጣቷ ቀጥ ብሎ ቀርቷል። መቀሱን በግራ መያዝ እየለመደች እንደሆነ ነገረችኝ። «እጀታው ለቀኝ ነው የተሠራው፣ ጨርቁን ያኝከዋል» አለች። ከዚያ የጋውኔን ኪስ አየችና «ይሄ ተቀዷል» አለችኝ። እሺ አልኳት።

እትዬ ከዚያ ወዲህ አንድ ሕግ ጨመረች። ለሥራ ክፍሉ ሁሉ ነው ያለችው፣ ግን እኔን እያየች ነበር። ዶክተሩ ቀለምና ጎን ሲጠራ ከኋላ የቆመው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ሁለት መቅጃ ብቻ ሳይሆን ሁለት ድምፅ። አንዱ ባይሰማ ሌላው እንዲሰማ።

«እኔ?» አልኳት ለብቻዋ ሳገኛት።

«ሌላ ማን አለ እዚያ?»

«ድምፄ አይሰማም እኮ።»

«በግድግዳው በኩል ሳይሰማኝ ሲቀር አንኳኳለሁ።»

ሦስት ጊዜ ማለት አልተሰማም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ግድግዳው ሊፈርስ ደርሶ ነበር። ዶክተሩ «ሰማያዊ፣ በላይ በኩል» ይላል። እኔ እላለሁ። ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። እንደገና እላለሁ። ሦስት ጊዜ ይንኳኳል። ዶክተሩ ቢላውን አስቀምጦ ይጠብቀኛል፣ አንድ ቀንም ቶሎ በል አላለኝም። ስልኩ ሲጠራ አሁን ወደ ውጭ ይወጣል።

አሁን ሰባት ዓመት ሆነው። ቀለሙ ዳግመኛ አልጎደለም፣ እያንዳንዱ ጎን የራሱ ቀለም አለው፣ መደጋገም አያስፈልግም ይላሉ። እኔ እደግማለሁ።

ባለፈው ሰኞ አዲሷ ጸሐፊ መጣች፣ የእትዬን ወንበር ልትለምድ። ማንኳኳቱን ነገርኳት። ሁለት ማለት በርታለች፣ ሦስት ማለት አልተሰማም። ሳቀች። «አሁን በስልክ መልእክት አይቻልም?» አለች። እትዬ አልሳቀችም። ማዳመጫውን አውልቃ ጆሮዋ ላይ አደረገችላት፣ እግሯን ይዛ ፔዳሉ ላይ አስቀመጠችላትና «እርገጪ» አለቻት።

ልጅቷ ረገጠች። ከማዳመጫው ድምፅ ሾልኮ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። ዶክተሩ «አረንጓዴ፣ በቀኝ በኩል» ይላል። ከኋላው ደግሞ ሌላ ሰው፣ ጎርነን ያለ፣ ጮክ ብሎ፣ «አረንጓዴ፣ በቀኝ በኩል።»

«ይሄ ሁለተኛው ማነው?» አለች ልጅቷ።

እትዬ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች።

ከገጹ አልፌያለሁ። ነጥብ።